ከሺህ አንድ ሰው

በኢሊኖይ ግዛት የሚኖር የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት ዶናልድ ትራምፕን እንደሚመርጥ ተናገረ። ለጓደኞቹ ብቻ ተናግሮት ቢሆን ወሬው ከሰፈር ባላለፈ ነበር። የተናገረው ግን ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለሚያካሂደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው። ጊዜው የ2016ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ ነበር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ 3,000 ያህል ሰዎችን መዝግቦ እነዚያኑ ሰዎች ደጋግሞ ይጠይቃል። ወጣቱ በመለሰ ቁጥር ትራምፕ በጥቁሮች ዘንድ ያላቸው ድጋፍ ወደ ሁለት አሃዝ ይወጣል፤ ዝም ካለ ይወርዳል። እሱ ከናሙናው በወጣበት ሰሞን ደግሞ በአገር አቀፉ ውጤት ሳይቀር ሂላሪ ክሊንተን ትራምፕን ቀደሙ። ኒውዮርክ ታይምስ በኦክቶበር ነገሩን ሲመረምር የዚህ ልጅ መልስ ከአንድ አማካይ ተጠያቂ መልስ እስከ 30 እጥፍ እንደሚመዝን ደረሰበት።

ማጭበርበር አልነበረም። ወጣት ጥቁር ወንዶች ለእንዲህ ዓይነት ጥናት እምብዛም አይመልሱም። በናሙናው ውስጥ ያሉት ከሚገባው ሲያንሱ አጥኚዎቹ የተገኙትን የጥቂቶቹን መልስ በማባዛት ጉድለቱን ይሞላሉ፤ በሙያው ቋንቋ ክብደት መስጠት ይባላል። ይህን የማያደርግ የጥናት ድርጅት የለም ማለት ይቻላል፤ አለማድረጉም የባሰ ስህተት ያመጣል። የእነዚህኞቹ ችግር መራጩን ከመጠን በላይ መከታተፋቸው ነበር። ከ18 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ለብቻ፣ ባለፈው ምርጫ ማንን እንደመረጡ ደግሞ ለብቻ እያሉ ሲከፋፍሉ በአንዳንዱ መደብ የቀረው ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ። አንድ ልጅም ሳያውቀው የብዙ ሺህ ሰው ወኪል ሆኖ አረፈው።

የነገሩ መጨረሻ ደግሞ አስቂኝ ነው። ጥናቱ እስከ ዋዜማው ድረስ ትራምፕ በሕዝብ ድምፅ በ3 ነጥብ ያህል ይመራሉ አለ። ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ጥናቱ ብቻውን እውነቱን እንዳወቀ ተወደሰ። በሕዝብ ድምፅ ግን ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ብልጫ አሸንፈው ነበር፤ የተሸነፉት በግዛት ወኪሎች ቆጠራ ነው። የተወደሰው ጥናት ሊለካ የተነሳውን ነገር ስቶታል።

በምርጫ ሰሞን የአሜሪካን ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ጥቁሮች እንዲህ አሉ፣ ሴቶች እንዲያ አሰቡ፣ ዲግሪ የሌላቸው ነጮች ወዲህ ዞሩ የሚል ዐረፍተ ነገር ሳያገኝ አይውልም። ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጀርባ ማን ከማን ጋር እንደሚቆጠር የወሰነ ባለሙያ አለ። መደቡን ሰፋ ሲያደርገው ቁጥሩ አስተማማኝ ይሆንለታል፤ ውስጡ ያለው ልዩነት ግን ይሰወርበታል። ሲያጠብበው የጓጓለትን ዝርዝር ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን ከጥቂት ሰዎች አፍ ነው። በ1,000 ሰው ጥናት ላይ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ገደማ ሊዛነፍ ይችላል። ከሺሁ ውስጥ 100ውን ብቻ ነጥሎ ለሚያነብ መዛነፉ ወደ 10 ነጥብ ይደርሳል። የመጀመሪያው ቁጥር በጋዜጣው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይጻፍም።

ቀድሞ የሙያው ጭንቀት ብዛት ነበር። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት በ1936 ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋሉ አለ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ካርዱን ሞልቶ ለመመለስ ይበልጥ የተነሣሣው በፕሬዚዳንቱ የተናደደው ወገን ነበር። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ በ50,000 ገደማ ሰዎች ብቻ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ፤ መጽሔቱ ምን ብሎ እንደሚሳሳት ጭምር አስቀድሞ ገመተ። ዳይጀስት በ1938 ከገበያ ወጣ።

ጋሉፕ ሙያውን ለሕዝብ ሲያስረዳ የሾርባ ምሳሌ ይወድ ነበር፤ በደንብ የተማሰለን ድስት ጣዕም ለማወቅ አንድ ማንኪያ ይበቃል ይላል። ማን እንደሚያማስለው ግን ምሳሌው አይናገርም። በ1948 ይህ ዋጋ አስከፈለው። ጠያቂዎቹ የሚሰማሩት በኮታ ነበር፤ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ከከተማ፣ ይህን ያህል ከገጠር እየተባሉ። በኮታው ውስጥ ማንን እንደሚያነጋግሩ ግን ለራሳቸው ተትቷል። ሰው ነውና ጠያቂው ደህና የለበሰውን፣ በሩን ቶሎ የሚከፍተውን፣ ለመድረስ የማያስቸግረውን ሰፈር መረጠ። ድሃው ተዘለለ። ጋሉፕና የሙያ ተፎካካሪዎቹ ሮፐርና ክሮስሊ ሦስቱም ሪፐብሊካኑ ቶማስ ዲዊ ያሸንፋሉ አሉ፤ ሮፐርማ ውጤቱ ያለቀ መስሎት ገና በሴፕቴምበር መጠየቁን አቆመ። ሃሪ ትሩማን አሸንፈው መሸነፋቸውን የሚያውጀውን የቺካጎ ትሪቢዩን እትም ከፍ አድርገው ይዘው ሲስቁ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ የሙያው ማስፈራሪያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተጠያቂው በዕጣ እንዲወጣ ተደረገ። ዕጣ ደግሞ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ዝርዝሩም በብዙ አገር ከሕዝብ ቆጠራ ይመነጫል። (ኢትዮጵያ የመጨረሻውን ቆጠራ ያካሄደችው በ2007 ነው፤ እዚያ የሚሠራ አጥኚ ጣጣው ገና ጥያቄውን ሳይጠይቅ ይጀምራል።)

በመደብ ከተቆጠሩት የአሜሪካ መራጮች እንደ ጥቁሮቹ ጎልቶ የሚታይ የለም። ከባርነት ነጻ መውጣት ወዲህ ድምፃቸው የአብርሃም ሊንከን ፓርቲ የሪፐብሊካኑ ነበር። ሩዝቬልት በ1936 ከ10ሩ ሰባት ያህሉን ወደ ዴሞክራቶቹ አመጡ፤ ሆኖም ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ሪፐብሊካኖቹ ጥቂት የማይባል ድርሻ ይዘው ቆዩ። በ1960 ሪቻርድ ኒክሰን ከጥቁሮች ድምፅ ሲሶውን ያህል አግኝተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሊንደን ጆንሰን 94 በመቶውን ወሰዱ። በመካከሉ የሆነው ነገር አይደበቅም፤ ጆንሰን በጁላይ 1964 የሲቪል መብቶችን ሕግ ፈረሙ፣ ተፎካካሪያቸው ባሪ ጎልድዋተር በሴኔት ሕጉን ተቃውመው ድምፅ ሰጥተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመምረጥ መብት ሕግ ጸደቀ። ሚሲሲፒ ውስጥ ከሕጉ በፊት ለምርጫ የተመዘገቡት ጥቁሮች 6.7 በመቶ ነበሩ፤ በ1967 59.8 በመቶ ደረሱ።

እንዲህ የተባበረ ድምፅ ሲታይ አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ያለ ይመስላል። ቤታቸው ቢገባ ግን በሃይማኖት፣ በልጅ አስተዳደግ፣ በወንጀልና በትምህርት ጉዳይ ራሱን ወግ አጥባቂ ብሎ የሚጠራ ጥቁር መራጭ ሞልቷል፤ ያም ሆኖ ዴሞክራት ይመርጣል። ኢስማኤል ዋይትና ክሪል ሌርድ የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያቱን ከአመለካከት ይልቅ በማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ ይፈልጉታል። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ዘመድ አዝማድ መካከል የሚኖር ሰው ከጋራ ቃል ማፈንገጥ ይከብደዋል። ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ጠያቂው ራሱ ጥቁር ሲሆን ተጠያቂዎቹ ዴሞክራትነታቸውን ይበልጥ እንደሚናገሩ የሚያሳይ ነው። እንግዲህ 90 በመቶ የሚለው ቁጥር የብዙ ሰዎች የግል አስተያየት ድምር ብቻ አይደለም፤ ውስጡ እርስ በርስ የተገባ ውል አለበት። የተለመደው የምርጫ መጠይቅ ይህን ለይቶ ማሳየት አይችልም።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከ1980 ወዲህ በተደረጉት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ሁሉ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ወደ ዴሞክራቶቹ አዘንብለዋል፤ በዚያ ዓመት ሮናልድ ሬገን ከወንዶች ያገኙት ድጋፍ ከሴቶች ካገኙት በ8 ነጥብ ገደማ ይበልጥ ነበር። ብዙ ሰው መነሻው ውርጃ ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን ፒው የጥናት ማዕከል በ2024 ሲጠይቅ ውርጃ በአብዛኛው ሁኔታ ሕጋዊ ይሁን ያሉት ከወንዶችም ከሴቶችም ከ10 ስድስት ያህል ነበሩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ነጥብ ነው። ሰፊው ገደል ያለው በሃይማኖት በኩል ነው፤ ከነጭ ኢቫንጀሊካሎች ሰባ ከምናምን በመቶው ሕጋዊነቱን ይቃወማሉ። ወንድና ሴትን ይበልጥ የሚለያየው መንግሥት ለጤናና ለድጎማ ምን ያህል ያውጣ፣ ጦር መቼ ይዝመት የሚለው ጥያቄ ነው።

መራጩም ቢሆን ለጉዳዩና ለፓርቲው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። በኖቬምበር 2024 በሚዙሪ ግዛት ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ምርጫ ቀረበላቸው። 58 በመቶው ትራምፕን መረጡ። በዚያው ወረቀት 52 በመቶ ያህሉ የውርጃን መብት በግዛቱ ሕገ መንግሥት የሚያስገባውን ማሻሻያ ደገፉ። በሁለቱም ላይ ምልክት ያደረጉ ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ መሆን አለበት፤ ሂሳቡ ሌላ አይፈቅድም። የትኛው መደብ ውስጥ እንደሚገቡ ግን የቴሌቪዥኑ ሠንጠረዥ ቦታ አላዘጋጀላቸውም።

ይህ የቴሌቪዥን ሠንጠረዥ የራሱ ታሪክ አለው። የሲቢኤሱ ዋረን ሚቶፍስኪ በ1967 በኬንተኪ አገረ ገዢ ምርጫ ላይ ድምፅ ሰጥተው የሚወጡ ሰዎችን በር ላይ ጠብቆ ማንን መረጣችሁ ማለት ጀመረ። ዘዴው ፈጣን ነው፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም ወደዱት። ችግሩ መጠይቁ ሁሉም የምርጫ ጣቢያ ላይ አለመደረጉ፣ በኋላም ብዙ ሰው በፖስታና ቀደም ብሎ መምረጥ መጀመሩ ነው። በ2016 የበር ላይ ጥናቱ ከነጭ ሴቶች 52 በመቶው ትራምፕን መረጡ አለ። ቁጥሩ በየመጽሔቱ ተጻፈ፣ በየመድረኩ ወቀሳ ሆነ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ፒው የራሱን ተጠያቂዎች ከይፋዊው የመራጮች መዝገብ ጋር አመሳከረ። አሜሪካ ውስጥ ማንን እንደመረጥክ ምስጢር ነው፤ መምረጥ አለመምረጥህ ግን ሌሎች ሊያዩት በሚችሉት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መረጥሁ ብለው ያልመረጡት ከተወገዱ በኋላ ትራምፕ ከነጭ ሴቶች ያገኙት 47 በመቶ፣ ክሊንተን ደግሞ 45 ሆነ። አሁንም ትራምፕ ይቀድማሉ፤ ነገር ግን አብዛኛዎቹ የሚለው ቃል ወድቋል። ወቀሳው ግን አልታረመም።

በዚያው ምርጫ ከጾታ ይልቅ የገነነው ትምህርት ነበር። በፒው መረጃ ዲግሪ ከሌላቸው ነጮች 64 በመቶው ትራምፕን ሲመርጡ፣ ዲግሪ ካላቸው 55 በመቶው ወደ ክሊንተን ሄደዋል። ቀድሞ ባለዲግሪው ነጭ ለሪፐብሊካኖቹ ቅርብ የነበረ መራጭ ነው። በየግዛቱ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ታዲያ ለትምህርት ደረጃ ክብደት አላስተካከሉም፤ ቀድሞ አያስፈልግም ነበርና። የተማረ ሰው ደግሞ ለመጠይቅ ይበልጥ ፈቃደኛ ነው። በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲንና በፔንሲልቬኒያ ውጤቱን የወሰነው በሦስቱ ተደምሮ ከ80,000 ያነሰ ድምፅ ስለነበር ያች ጉድለት አገር አስደነገጠች።

የሰፊ መደብ አደጋ በደንብ የሚታየው በሂስፓኒክ መራጮች ላይ ነው። ኮንግረስ በ1976 ባወጣው ሕግ መንግሥት የስፓኒሽ ተናጋሪ ዝርያ ስላላቸው አሜሪካውያን መረጃ እንዲሰበስብ አዘዘ፤ በ1980ው ቆጠራ ጥያቄው ለሁሉም ቀረበ። በዚያ አንድ ስም ሥር የፊደል ካስትሮን መንግሥት ሸሽቶ ማያሚ የገባው ኩባዊ፣ ሲወለድ የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ፖርቶ ሪካዊ፣ በ1848 ድንበሩ ሲዞር ባለበት ቦታ አሜሪካዊ ከሆነ ቤተሰብ የተወለደው የቴክሳስ ልጅ እና ትናንት ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ሁሉ ተጠቃለሉ። በ2004 የበር ላይ ጥናቱ ጆርጅ ቡሽ ከሂስፓኒኮች 44 በመቶ አገኙ ሲል ዴሞክራቶቹ ተደናገጡ። በኋላ ሲመረመር ወደ 40 በመቶ ዝቅ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ኩባውያን የሚበዙባቸው የማያሚ አካባቢ ጣቢያዎች በናሙናው ውስጥ ከልክ በላይ መግባታቸው ነበር። ከአንዱ ወገን ብዙ የገባበት ናሙና በሌላው ስም ይናገራል።

ከዚያ ስታር ካውንቲ መጣ። በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ያለ የቴክሳስ አውራጃ ነው፤ ከነዋሪው 97 በመቶ ገደማው ሂስፓኒክ ነው። ክሊንተን በ2016 ከዚህ አውራጃ 79 በመቶ ወሰዱ። ከስምንት ዓመት በኋላ ትራምፕ አሸነፉበት፤ ከ1892 ወዲህ ስታርን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ናቸው። የስደተኛ ጉዳይ እነዚህን ሰዎች ወደ ዴሞክራቶቹ ይመራቸዋል ብለው የገመቱ ሰዎች የረሱት ነገር ነበር። የወንዝ ዳሩ ሰው ራሱን እንደ ስደተኛ አያይም፤ የድንበር ጥበቃ ከአካባቢው ደህና ደመወዝ ከሚከፍሉ ቀጣሪዎች አንዱ ነው፤ የዘይት ሥራውም እንዲሁ። በ2024 በአገር አቀፍ ደረጃ ፒው ለትራምፕ የሰጠው የሂስፓኒክ ድርሻ 48 በመቶ ነው። ከሁለት የማይበልጥ ዋና አማራጭ ባለበት ምርጫ ለሁለት እኩል የተከፈለ ሕዝብን አንድ የመራጭ መደብ ብሎ መጥራት ምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ የለም።

ኢትዮጵያውያንስ? የ2020ው የአሜሪካ ቆጠራ ቅጽ ጥቁር የሚለውን ሳጥን ለሚመርጥ ሰው መነሻውን እንዲጽፍ ቦታ ሰጥቶት ነበር፤ በምሳሌነት ከታተሙት ስሞች መካከል ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ የሚሉ ይገኙበታል። ራሱን ኢትዮጵያዊ ያለው ወደ 325,000 ሰው ሆነ። የአገሪቱ ሕዝብ 331 ሚሊዮን ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 1,000 ሰው በሚጠይቅ አገር አቀፍ ጥናት ውስጥ በአማካይ አንድ ኢትዮጵያዊ ይገኛል። ያውም ልጆችንና ዜግነት ያልወሰዱትን ሳይቀንሱ ነው። ያ አንድ ሰው ደግሞ ጥቁር በሚለው መስመር ውስጥ ገብቶ፣ አያቶቹ ሚሲሲፒ ላይ መምረጥ ከተከለከሉ ሰው ጋር አብሮ ይቆጠራል።

በ2021 ይህ ነገር በቨርጂኒያ ተፈተነ። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሲካሄድ የጆ ባይደን አስተዳደር በአዲስ አበባ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ የዳያስፖራ ድርጅቶች ለሪፐብሊካኑ የአገረ ገዢ ዕጩ ግሌን ያንግኪን ድጋፋቸውን በይፋ ሰጡ። ለዓመታት ዴሞክራት ሲመርጡ የኖሩ ሰዎች በሰሜን ቨርጂኒያ ጎዳናዎች የያንግኪንን ስም የያዘ ሰሌዳ ተሸክመው ወጡ። ምርጫው ኖቬምበር 2 ቀን ነበር። ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ገበያ እንደምትወጣ ለኮንግረስ ያሳወቁትም በዚያው ዕለት ነው። ያንግኪን በ63,000 ገደማ ድምፅ አሸነፉ፤ አሸናፊ ያደረግናቸው እኛ ነን የሚል ወሬ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ተናፈሰ። የዕለቱ ሠንጠረዥ ከጥቁር መራጮች ከ10 ከስምንት በላይ ዴሞክራቱን ቴሪ ማካሊፍን መረጡ ብሎ አለፈ። ኢትዮጵያዊ የሚል መስመር የለውም። ቢኖረውም መስመሩ ሌላ መስመር ይወልድ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ዋሽንግተን ውስጥ የትግራይ ተወላጆች የወጡባቸው ሰልፎች ጥያቄያቸው የዚህ ተቃራኒ ነበርና።

የምርጫ ዘመቻ ሠራተኞች ግን ጥናት እስኪወጣ አይጠብቁም። ቨርጂኒያ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም፤ ስለዚህ የመራጮችን መዝገብ ገዝተው የሰውን ዘር ከስሙ ይገምታሉ። በዚህ በኩል የአባትን ስም መጠሪያ የማድረግ ልማድ ሀበሻን አጋልጦታል። መጠሪያው ተስፋዬ ወይም ከበደ የሆነ ሰው ከዝርዝሩ በቀላሉ ተለቅሞ በአማርኛ የተጻፈ በራሪ ወረቀት በሩ ላይ ሊያገኝ ይችላል። የአባቱ ስም መሐመድ የሆነው የወሎ ልጅ ለዐረቦች በተዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ አባቱ ዳንኤል የሆነው ደግሞ የት እንደሚመደብ ኮምፒውተሩ ያውቃል።